ስለ ዘንግና ስለ ታላቁ ዓሣ

የሚበላ ያልቸገረው ሰው ለደስታው ብቻ ዓሣ ቢያጠምድ የተገባ ነውን? ጥያቄው ለብዙዎች ታናሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በፍጥረት ላይ የተሰጠንን ሥልጣን የሚመለከት ነውና በጥንቃቄ እንመርምረው።

ዓባያችን ከጣና ወጥቶ፥ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተወርውሮ፥ በጥልቅ ሸለቆ ወርዶ፥ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በምዕራቡ ዳር ያለችው ከተማ ኦምዱርማን ናት። በዚያ ወንዝ፥ በጣና የማይገኝ አንድ ታላቅ ዓሣ ይኖራል፤ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ፏፏቴው ይከለክለዋልና። የሱዳን ሰዎች ዒጅል ይሉታል፤ ትርጓሜውም ጥጃ ማለት ነው። ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ግራም፥ ርዝመቱም ወደ 2 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ስሙ ይገባዋል።

መረብ ብዙውን ዓሣ በአንድነት ይሰበስባል። በዘንግ የሚያጠምድ ሰው ግን በመንጠቆው ላይ ትንሽ ሕያው ዓሣ፥ ለምሳሌ ቆሮሶ፥ ይሰካል፤ በክሩም ላይ ቡሽ አስሮ ያንሳፍፋል። ቡሹ በድንገት ሲሰጥም ትግሉ ይጀመራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ19ኛው ምዕራፍ በዓባይ መንጠቆ የሚጥሉትን ያነሣልና ሥራው ጥንታዊ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ረኃብ በኦምዱርማን ብዙ ቤት ገብቷል። ለልጆቹ እራት ዓሣ የሚይዘውን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ጥያቄያችን ለጠገበው ሰው ነው።

እርሱም፦ «ይዤ እለቀዋለሁ፤ ምን በደልሁ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በቀጭን ክር ብዙ ሰዓት የታገለ ዓሣ ኃይሉ ተሟጦ፥ ከተለቀቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ከውኃ ሲወጣ ስንጥቡ መተንፈስ አይችልም፤ በመንጋጋው ቢንጠለጠል የገዛ ክብደቱ ይጐዳዋል። በመንጠቆው የተሰካውን ትንሹን ዓሣ ደግሞ ማን ያስበዋል? እንግዲህ መልቀቅ ሁሉ ምሕረት አይደለም።

ደስታው ግን በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። ቡሹን እያየ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥትን ይማራል፥ ወንዙንም ያውቃል። ደግሞም ዘንግ አንዱን ሰው ከአንዱ ዓሣ ጋር ፊት ለፊት ያገናኛል። ሊገድለው ወይም ሊያድነው ምርጫው በእጁ ነው፤ ምርጫ ያለው ሰውም ተጠያቂ ነው።

ስለዚህ ሊበላው የወደደ ፈጥኖ ይግደለው፤ በአሸዋ ላይ እያቃሰተ እንዲሞት አይተወው። ሥጋውንም እንደ ታረደ ጥጃ ከጎረቤት ጋር ይካፈለው። ሊለቀው የወደደ ትግሉ እንዲያጥር ጠንካራ ክር ይያዝ፤ የመንጠቆውን እሾህ አስቀድሞ ይጠፍጥፍ፤ ዓሣውን ከውኃ ሳያወጣ፥ በራሱ ኃይል እስኪሄድ ድረስ ደግፎ ይጠብቀው። ከሁለቱ አንዱን ማድረግ የማይፈቅድ ሰው ዘንጉን በቤቱ ቢተው ይሻላል።

በደጋ የምንኖር ብዙዎቻችን ዘንግ አንይዝም፤ ነገር ግን በሬ እንጠምዳለን፥ በቅሎ እንጭናለን፥ ለበዓል በግ እናርዳለን። ለቆሰለ ጫንቃ ሳናስብ ቀንበር የምንጭን ከሆነ፥ በወንዝ ዳር ስለ ቆመው ሰው ልንፈርድ አንችልም። ከእጃችን በታች ያለውን ሕይወት ያለ ምክንያት እንዳናስጨንቅ ሁላችን እንጠንቀቅ።