ገላው የማን ነው?

ጣጣውን ያመጣብን ከአዳማ ወደ ሶደሬ የወረድንበት ቅዳሜ ነው። አንዱ ጓደኛችን ካሜራ ይዟል። ፍል ውኃው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ ደረታቸው ተነክረዋል። ጓደኛችን አነሳቸው። እሳቸው አላወቁም።

ፎቶው ታጥቦ መኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሁላችንም አደነቅን። ከውኃው በላይ ያለው ትከሻ የተሸበሸበና የደከመ ነው፤ ከውኃው በታች ያለውን ክንድ ግን ብርሃኑ ሰብሮት የሌላ ሰው አስመስሎታል። «ይኼ ነው ጥበብ!» አልን። አንዱ ብቻ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «አባትህ ቢሆኑስ ትለጥፋቸው ነበር?» አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ውበት ፈቃድን ይተካል ወይ?

እኛ ዘንድ ሰው ውኃ የሚገባው ለመታየት አይደለም። ሶደሬ የሚወርደው ቁርጥማቱ እንዲለቀው፣ ጠበል የሚጠመቀው እንዲፈወስ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ለኢሬቻ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውኃው የሚቀርበውም ዋቃን ሊያመሰግን ነው። በተለይ ሕመሙን ይዞ ልብሱን ያወለቀ ሰው ጥበቃውንም አብሮ አውልቋል። እሱን ተደብቆ ማንሳት፣ ትጥቁን የፈታን ሰው ከኋላ እንደ መምታት ነው።

«ከጠየቅከው እኮ ይደርቅብሃል፤ ሁኔታውን ያበላሸዋል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ ችግር ዳሎል ላይ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች እንመልከት። ሴቶቹ ፊታቸው ቀለም ተቀብቶ፣ ልብሳቸው ታስቦበት፣ መቆሚያቸው ተመርጦ ነው የተነሱት። አውቀው ቆመዋል፤ ፎቶዎቹ ግን አልደረቁም። ውኃ ፍለጋ የሚንከራተቱ ሴቶችን ድካም ሳያዋርዱ ይናገራሉ።

ሳይጠይቅ ያነሳስ የለም ወይ? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የነበረው ሀንጋሪያዊ አንድሬ ከርቴሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ኤስተርጎም ላይ ከውኃ ሥር የሚዋኝ ሰው አንስቷል። ጠይቆት ይሁን አይሁን ፎቶው አይነግረንም። ነገር ግን ውኃው ገላውን ስላዛባው ዋናተኛው ማን እንደሆነ አይለይም፤ ውኃው ራሱ ሸማ ሆኖለታል። የእኛ ሽማግሌ ግን ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚያውቃቸው ሁሉ «እሳቸው ናቸው» ይላል።

ጥበብ ይቅር አንልም። የምንለው፣ ፎቶ አንሺው ያገኘው ብርሃኑን ነው፤ ገላው ግን የባለቤቱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎቶውን ይዘን ሶደሬ ተመለስን። ሽማግሌው አልነበሩም። አሁን ከግድግዳው አውርደን መጽሐፍ ውስጥ ከተነዋል። ካገኘናቸው «አባባ፣ ይኼ የእርስዎ ነው» ብለን ልንሰጣቸው ነው፤ መቅደዱም መስቀሉም የእሳቸው ፈንታ ይሁን። አንዳንዶቻችንን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨናል፤ ፎቶው በእውነት ያምራልና።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?