ለልጅ መልካም ስም ስለ ማውጣት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይኹን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይውረድ።

ልጅ የተወለደልህ ወንድም ሆይ! ልጅ በአባቱ ላይ ካለው መብት አንዱ መልካም ስም መኾኑን ዕወቅ። የአንዲት ሴት ስም በዐረብኛ «አመፀኛ» ማለት ቢኾን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለውጠው «ጀሚላ»፣ ማለት ቆንጆ፣ ብለው ሰየሟት።

እስኪ አገሮችን ተመልከት። የነቢዩ ስም በቱርክ መሕመት፣ በሴኔጋልና በማሊ ማማዱ ይባላል፤ ፋጢማም በዚያው በምዕራብ አፍሪቃ ፋቱማታ ትባላለች። በእንግሊዝና በዌልስ እንኳ በ2023 እ.ኤ.አ. ለተወለዱ ወንዶች ልጆች ከወጡት ስሞች ኹሉ በብዛት የበለጠው ሙሐመድ ነው። ከሐበሻ ወገን የኾነው የሙአዚኑ የቢላል ስምም ከፓኪስታን እስከ ሴኔጋል በሕፃናት ላይ ይጠራል። አንደበቱ ይለያያል፤ ፍቅሩ ግን አንድ ነው።

ነገር ግን ስም አደራ ነው። የመካ ሰዎች ነቢዩን ገና ነቢይነት ሳይመጣላቸው «አል-አሚን»፣ ማለት ታማኙ፣ ብለው የጠሯቸው በተወለዱ ዕለት አይደለም፤ በኑሯቸውና በንግዳቸው ታማኝነታቸውን ስላዩ ነው።

አንተ ነጋዴ ሆይ! ልጅህን «አሚን» ብለህ በሱቅህ እየጠራህ፣ በዐይኑ ፊት ሚዛን ብታጎድል፣ የሰጠኸውን ስም መልሰህ ነጠቅኸው ማለት ነው። በሰባተኛው ቀን ስሙን በአፍህ አውጣለት፤ ከዚያም በኋላ ትርጓሜውን በሥራህ አስተምረው።

አላህ ልጆቻችንን እንደ ስማቸው ያድርግልን። አሚን።