አቧራው ሲከብር

አንድን አሮጌ ነገር መውደድ ማለት ምን ማለት ነው? ሳይነኩ ማስቀመጥ ነው? ወይስ እየጠገኑ አብሮ መኖር? ጥያቄው ለፈላስፎች ጉባኤ የተሰናዳ ይመስላል እንጂ መልሱ በየጋራዡና በየሰው ግቢ በየቀኑ ይሰጣል። እስቲ ዛሬ ነገሩን በአሮጌ መኪና እንየው። አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ዱሮ የሚገናኙት መካኒካቸው በር ላይ ነበር። ዛሬ በፌስቡክ፣ በኢንስታግራምና በዩቲዩብም ይገናኛሉ። መገናኛው ሲለወጥ ፍቅሩስ እንደነበረ ቀረ ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2014 መገባደጃ፣ በምዕራብ ፈረንሳይ አንድ የገጠር ርስት ውስጥ 60 ያህል ጥንታዊ መኪኖች መገኘታቸው ተሰማ። ሰብስቧቸው የነበረው ሮዠ ባዮን የሚባል የትራንስፖርት ነጋዴ ነው። ሰውየው ሙዚየም ሊያቋቁም አስቦ ነበር፤ በ1970ዎቹ ንግዱ ሲከስር ሐሳቡም አብሮ ቀረ። መኪኖቹ በየዳሱና በየመጋዘኑ ለዐሥርታት ቆሙ፤ ከፊሎቹን ዝገት በላቸው። በመካከላቸው አንዲት ፌራሪ ነበረች፤ በላይዋ ላይ አሮጌ መጽሔት ተከምሮባታል። ያ ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ዓለምን ዞረ። በ2015 የካቲት ወር ፓሪስ ላይ ለጨረታ ስትቀርብ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠች፤ ያውም ከነአቧራዋ።

እርግጥ መኪናዋ ብርቅ ናት፤ በአንድ ወቅት የተዋናዩ አለን ደሎን ነበረች፤ ብትታጠብም ውድ ነበረች። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዛሬ አሮጌ መኪና ለመሸጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው መኪናውን ላለማጠብ ይጠነቀቃል። አቧራው ገበያ አለው! ከዚያም አልፎ ደህናውን መኪና የዛገ እንዲመስል አድርገው የሚቀቡ ባለሙያዎች አሉ። አያቶቻችን ቢሰሙ «እብደት ነው» የሚሉት ነገር እኮ ነው። የተከበረው መኪናው ብቻ አይደለም፤ መረሳቱም ጭምር ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ያለው በምስሉ ጠባይ ውስጥ ይመስለኛል። ምስል ሁኔታን ያሳያል እንጂ ድካምን አያሳይም። አቧራና ዝገት በአንድ እይታ ታሪክ ይናገራሉ፤ «ይህን ያህል ዘመን ተኝቼ ነበር» ይላሉ። በጊዜው የተቀየረ ዘይት፣ በልኩ የተወጠረ ቺንጋ፣ የተወለወለ ካንዴላ ግን በፎቶ ምን ይላሉ? ምንም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የተደረገ ክብካቤ በምስል ላይ ዝም ብሎ «መኪና» ነው። ስለዚህ ላይክ የሚቆጠርበት አደባባይ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ የተጣለውን ከተያዘው አስበልጦ ያነግሣል።

ለተቃራኒው ወገንም ፍርድ መስጠት ይገባል። «አንድ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ኦሪጅናል የሚሆነው» የሚሉ ሰዎች ቁም ነገር ይዘዋል። ጥንታዊ ብራና አግኝቶ ቀለሙን የሚያድስ ሰው ብራናውን ገደለው እንጂ አዳነው አንልም። ችግሩ መኪና ብራና አለመሆኑ ነው። መኪና የተሠራው ሊሄድ ነው። ቆሞ የሚከበር መኪና፣ ሳይነበብ እንደሚሳለም መጽሐፍ ነው።

ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ የእኛ ቮልስ ይጠብቀናል። የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበር። ሞተሩን በአየር ስለሚያቀዘቅዝ የራዲያተር ጣጣ የለበትም፤ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ መጠነኛ መፍቻ የያዘ መካኒክ ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ወጣ። የእኛዎቹ ግን ጡረታ አላወቁም። ፒስተኑ ከአንድ አገር፣ መሪው ከሌላ፣ መከለያው እዚሁ ተቀጥቅጦ፣ ቀሪው ከሶማሌ ተራ ተለቅሞ መንገድ ላይ ቆዩ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ቮልስ «ኦሪጅናል» ነው? ጥያቄው እንኳ አዲስ አይደለም። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለዘመናት አቆይተዋል፤ አንዱ ጣውላ ሲበሰብስ በሌላ እየተኩ። ፈላስፎቹም «ያው መርከብ ነው? አይደለም?» እያሉ ተከራከሩ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ በዚህ ክርክር ሁለት ቦታ ይከፈሉ ነበር። እኔን የሚያሳምነኝ መልስ ከጣውላው ዘንድ የለም። መርከቡን ያው መርከብ ያደረገው ሳይቋረጥ የተላለፈው እጅ ነው። አንዱ ትውልድ «ይህ አደራ ነው» ብሎ ለሚቀጥለው አስረከበ። ቮልሱም እንዲሁ ነው፤ ብረቱ ቢቀያየርም የሚጠብቀው ሰው አልተቋረጠም። ፓሪስ የተሸጠችው ፌራሪ ብረቷ አልተነካም፤ የተቋረጠው ጠባቂዋ ነው።

ጠጋኝ ሰው ሌላም ነገር አለው፤ እውነቱን ያውቃል። ቀለሙ ሥር ያለውን ዝገት፣ አንድ ጊዜ የተጋጨውን ጎን ያውቃል። በማኅበራዊ ሚዲያ የቮልስ ፎቶ ሲወጣ ግን ከሥሩ የሚጻፈው «ደጉ ዘመን» ነው። ደግ ብቻ ነበር? ይህን መኪና ለማግኘት በሂትለር ዘመን ከ330 ሺህ በላይ ጀርመናውያን በመንግሥት የቁጠባ ዕቅድ ገንዘብ ከፍለዋል፤ ያ መንግሥት እስኪወድቅ አንዳቸውም መኪናውን አልተረከቡም። ፋብሪካውም በጦርነቱ ዘመን በግዳጅ የተወሰዱ ሰዎች የማቀቁበት ነበር። በእኛም አገር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህን ማወቅ መኪናውን ለመጥላት አይደለም። የሚወዱትን ነገር ጠባሳውን አውቆ መውደድ ይሻላል ለማለት ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ጥፋት ብቻ አመጣ ማለትም ግፍ ነው። ካርቡሬተር እንዴት እንደሚታጠብ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ በጡረታ ላይ ያለን መካኒክ ዕውቀት አይቶት ለማያውቀው ወጣት ያደርሳል። የጠፋ መለዋወጫ በሌላ አህጉር ይገኛል። በቁራጭ ብረት ዋጋ ሊሸጥ የነበረ መኪና «አትሽጠው!» በሚል የማያውቁት ሰው መልእክት ይተርፋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ለእኛ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለውን መጠገን የሚችል እጅ ሀብት ነው።

ያ እጅ ግን በፎቶው ላይ የለም። ባለቤቱ መሪውን ይዞ ፈገግ ብሏል፤ መኪናው ያብረቀርቃል፤ ሺህ ሰው «ዋው!» ብሏል። ሞተሩን በሌሊት በባትሪ መብራት የገጣጠመው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። መጽሐፍ የደራሲውን ስም ይዞ ይወጣል፤ ሕንፃ እንኳ አርክቴክቱ ይጠራለታል። መካኒኩ ለምን ስም አጣ? ልጁ ያንን ፎቶ ሲያይ «ይህን አባቴ ነው ያስነሳው» ብሎ ለጓደኛው ማሳየት ቢፈልግ ማስረጃው የት አለ? ስሙ የማይጠራ ሙያ ተተኪ እንደማያገኝ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ያየ አገር ሊጠፋው አይገባም።

ስለዚህ የአሮጌ መኪና ወዳጆች፣ ፎቶውን ለጥፉ፤ እኛም አይተን ደስ ይበለን። ብቻ ከሥሩ፣ እሺ ካሉ፣ የጠገኗትን ሰዎች ስም ጨምሩ፤ የሠሩትንም ሥራ ጻፉ። አንድ መስመር ናት። አቧራ ይህን ያህል ከተከበረ፣ አቧራውን ያራገፈው እጅ አንድ መስመር አይበዛበትም።