የወልድያ ዳር የት ነው?

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወልድያ 46 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። መርሳና ስሪንቃ በሀብሩ ወረዳ ሥር ተቆጠሩ፤ ወልድያን የከበበው ጉባላፍቶም ለብቻው። እኔ የመርሳ ሰው ነኝ። ልጄ ወልድያ ውሎ ማታ መርሳ ይገባል፤ ታዲያ የማን ይባል? አሜሪካኖች ከሠራተኞቹ ቢያንስ 25 በመቶው ወደ ማዕከሉ የሚመላለሱበትን አውራጃ ከከተማው ጋር ይደምሩታል። እንጀራን መለኪያ ማድረጋቸው አያስከፋም።

አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሚለኩት በሶላት ነበር። መንገደኛ ሶላቱን የሚያሳጥረው ከሚኖርበት ከተማ ቤቶች ከወጣ በኋላ ነው፤ ርቀቱም በብዙ ሊቃውንት ዘንድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልድያ ከመርሳ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለዚህ አባቴ እዚያ ሲውሉ ሙሉውን ይሰግዱ ነበር። ደሴ ሲሄዱ ያሳጥሩ ነበር። ወልድያ ለእሳቸው አገር ቤት ነበረች ማለት ነው።

የእናቴ ወገኖች ክርስቲያን ናቸው (ወሎ አይደል!)። እነሱ የሚያነቡት የሉቃስ ወንጌል ሌላ መለኪያ ያመጣል፤ ዮሴፍ ናዝሬት እየኖረ ሊቆጠር ቤተ ልሔም ሄደ፣ የዳዊት ወገን ነበርና። እውነቱን ለመናገር ይህን መለኪያ እፈራዋለሁ። ሰውን በትውልዱ መመደብ በአገራችን ያመጣውን አይተናል።

ይበልጥ የሚያረካኝ የዘካ ሕግ ነው። ብዙ ሊቃውንት የገንዘብ ዘካ ገንዘቡ ባለበት፣ በዒድ የሚሰጠው የፊጥር ዘካ ደግሞ ሰውየው ባለበት ይሰጥ ይላሉ። ልጄ የሚነግድበት ገንዘብ ወልድያ ነው፤ የዒዱ ሌሊት የሚያድረው ግን መርሳ። ለሁለቱም ከተማ ድሃ ባለዕዳ ነው።