ገመዱን የያዘ እጅ
(ስለ መሬት ለኪዎችና ገማቾች የሙያ ሥነ ምግባር)

«በሚስትና በመሬት ቀልድ የለም» ይላል ሕዝባችን። የዚህ አባባል ትርጉም በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለሚኖር ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ዝናብ ጠብቆም ማሽላና ማሾ የሚዘራ ገበሬ የቤተሰቡ ኑሮ በሙሉ በጥቂት ጥማድ መሬት ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ይህን መሬት ሊለካና ሊገምት የሚመጣ ባለሙያ ግዴታው ምንድን ነው? የተሰጠውን ደንብ በመፈጸም ብቻ ከኅሊና ዕዳ ነፃ ይሆናልን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሙሴ ሕግ የባልንጀራን የወሰን ምልክት ማንቀሳቀስን አጥብቆ ከልክሏል። በሀገራችንም ቀድሞ መሬት በቀላድ ሲለካ፣ ነገሩ በገመዱ ርዝመት ብቻ አያበቃም ነበር። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ ይመደባል፤ ግብሩም በዚያው ይወሰናል። ስለዚህ ገመዱ ሳይጎድል በአንዲት ቃል ብቻ ሰውን መበደል ይቻል ነበር።

ዛሬም ቢሆን መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ፈተናው አልተለወጠም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ለገበሬው የመጠቀም መብት ሰጠ። የአማራ ክልልም በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 46ን ካወጣ በኋላ ይዞታን እየመዘገበ ደብተር ማደል ጀመረ፤ በመጀመሪያ በአዋሳኞች ምስክርነትና በቀላል ልኬታ፣ በኋላም በአየር ፎቶግራፍና በሳተላይት መሣሪያ እየተረዳ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ደግሞ ገማቹ ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ደነገገ። እንግዲህ እናስተውል፤ ገማቹ በመስኖ የሚለማውን መሬት «በዝናብ የሚለማ» ብሎ ቢጽፍ፣ የአንዲት መስመር ስሕተት በ15 ተባዝታ በቤተሰቡ ላይ ትወድቃለች።

በሌላው ዓለምም ይህ ሙያ ደንብ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በለንደን የተመሠረተው የቀያሾችና የገማቾች ተቋም ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባላቱን በአምስት የሥነ ምግባር ደንቦች ይመራል። እነዚህም ሐቀኝነትን፣ የሙያ ብቃትን፣ በትጋት የተሠራ አገልግሎትን፣ ሰውን ማክበርንና ለሕዝብ ጥቅም በኃላፊነት መሥራትን ይጠይቃሉ። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደንብ ሊያያቸው የማይችላቸው ሦስት ቦታዎች አሉ።

የመጀመሪያው እንግዳ ተቀባይነት ነው። በቆላው ፀሐይ ሲለካ ለዋለ ሰው ውሃና እንጀራ ማቅረብ የደግነት ባህላችን ነው። ታዲያ ደግነት የት አብቅቶ መማለጃ የት ይጀምራል? አንድ መለያ አለ እንላለን፦ የተቀበልኸውን ነገር በዚያው ዕለት ለአዋሳኙ ጎረቤት ሳታፍር ልትነግረው ትችላለህን? ለአንደኛው ወገን ልትነግረው የማትደፍረው ግብዣ ከእንጀራነት አልፏል።

ሁለተኛው ርኅራኄ ነው። ለኪው አንዲት ድሃ መበለትን አይቶ ልቡ ቢራራ፣ ድንበሯን ሁለት እርምጃ ቢያሰፋላት ምን ክፋት አለው? የሚል ይኖራል። ነገር ግን ያ ሁለት እርምጃ የለኪው አይደለም፤ የጎረቤቷ ነው። ከሌላው ወስዶ መስጠት ምጽዋት አይባልም። የሚራራ ሰው ከራሱ ኪስ ይስጥ፤ በልኬታው ላይ ግን ለድሃም ለባለጸጋም አያዳላ። የመበለቷ መጠጊያ ያልተዛባ ልኬታ ነው፤ ዛሬ ለእርሷ ያዘነበለው ገመድ ነገ ለብርቱው ማዘንበሉ አይቀርምና።

ሦስተኛው ትእዛዝ ነው። «እንዲህ ብለህ ጻፍ» የሚል አለቃ በሚመጣበት ጊዜ ባለሙያው «እኔ የታዘዝሁትን ነው» ሊል ይዳዳዋል። ይሁን እንጂ ከሰነዱ በታች ያለው ፊርማ የራሱ ነው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የፈረመ ሰው አንዲት ሳንቲም ባይወስድ እንኳ በበደሉ ተካፋይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደሚያስረዳን፣ የሰው ሀብት የተወሰደበት በደል በጸጸት ብቻ አይሰረይም፤ ጉዳቱን መካስ ያስፈልጋል። ዘኬዎስ ንስሓውን ያሳየው በመመለስ ነበር። የለኪው መመለስም የተዛባውን ካርታ ማረምና የተበደለው ገበሬ አቤቱታ ሲያቀርብ እውነቱን መመስከር ነው።

ይህን ስንል የባለሙያው ሸክም ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። እንጀራው፣ አንዳንዴም ደኅንነቱ በአለቃውና በጎረቤቶቹ እጅ ነው። ስለዚህ ብቻውን ልንተወው አይገባም። ልኬታ ሁለቱም አዋሳኞች ባሉበት ይሁን፤ ቁጥሩም በመስኩ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ለኪው ዘመዱ ካለበት ጉዳይ ራሱን ያግልል። እኛም ምእመናን «ላንተ ዘመድ አይደለን?» እያልን አንፈትነው።

ደንብ ለኪውን ከውጭ ይጠብቀዋል፤ ኅሊና ደግሞ ማንም በማያይበት ሰዓት ገመዱን ያቀናል። ሁለቱ ሲተባበሩ ወሰን የጠብ ምክንያት መሆኑ ይቀራል፤ ጎረቤታሞችም በሰላም ያርሳሉ።