የጉቶው ሥር



ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ ሰው ሁምቦ ሲደርስ ቀና ብሎ ተራራውን ይመልከት። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ በጎርፍ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር የሚሆነውን መሬት መልሶ የማልማት ሥራ ጀመሩ። ደኑ የተመለሰው ግን በአብዛኛው በችግኝ ተከላ አይደለም። የሞተ የመሰለው ጉቶ ከመሬት በታች ሥሩ ሕያው ነበረ። ሰዎቹ ካቆጠቆጠው መካከል ጠንካራውን እያስቀሩ ሌላውን ገረዙ፤ ከብትንና መጥረቢያን አራቁ። ነቢዩ ኢሳይያስም የመዳንን ተስፋ ያየው ከእሴይ ጉቶ በወጣ ቁጥቋጥ ነው (ኢሳ. 11፡1)።

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም ነው (ዘፍ. 2፡15)። ማበጀቱን እናውቅበታለን፤ የወላይታን እናት የእንሰት ጓሮዋን በፍግ መንከባከብ ማን ያስተምራታል? የሚከብደን መጠበቁ፣ ማለትም እጅን መሰብሰቡ ነው። ጾምን ለምናውቅ ለእኛ ግን ይህ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር።

ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ፍጥረትን መጠበቅ ለክርስቲያን ትርፍ ሥራ አለመሆኑን አስተምረዋል። ለንስሐ ስንዘጋጅ የጎረቤትን ወሰን መግፋታችንን እናስባለን። የምንጩን ዳር ማረሳችንን፣ ከተከለለው ደን በጨለማ መቁረጣችንንስ? ማገዶ ያጣችውን መበለት አልወቅስም፤ መጠየቅ የሚገባን ብቻዋን የተውናት እኛ ነን።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ በመጪው ክረምት ልጆቹን ችግኝ ከማስያዛችሁ በፊት ወደ ኮረብታው ውሰዷቸውና ያቆጠቆጠ ጉቶ ይፈልጉ።