የመጽሐፍ ዕንባ

«መጽሐፍ ማንበብ ልብን ያለዝባል» እያልኩ ዘመኔን ሁሉ አስተምሬአለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ለማን እንደሚያለዝበው ግን ልጠይቅህ።

እኔ የሚሲዮን ተማሪ ብሆንም፥ ምክር ብቻ የሞላበት መጽሐፍ ቶሎ ይሰለቸኛል (ይህንንም የምጽፈው እያፈርኩ ነው)። የምወደው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

በከፋ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ገና በሥራ ላይ ሳለሁ፥ ቦንጋ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ትንሽ ልጇን ልካ ለቡና አስጠራችኝ። የበዛብህ ሞት ላይ ደርሼ ነበርና «የለም በላት» ብዬ መለስኩት፤ እያለቀስኩም መጽሐፉን ጨረስኩ። ለካስ ደብዳቤ ደርሷት ኖሮ፥ ከቡናው ጋር እንዳነብላት ፈልጋ ነበር። ያው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ፊደል እየለቀመ አነበበላት፤ የወንድሟ መርዶ ነበር።